ቀባሽው፣ ነከርሽው ወይስ አቀለምሽው?

ባለፈው ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ስምንቱ ስለ ቀለም ናቸው። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም። አንዷ ሜሪላንድ ናት፣ አንዷ ዱባይ። ሌሎቹ ባሕር ዳር፣ አዳማ፣ ሐዋሳና አዲስ አበባ ናቸው። ምን እንዳገጣጠማቸው እንጃ። እኔ ግን ደስ አለኝ። የዛሬውን ዓምድ ለቀለም ሰጥቼዋለሁ።

አማርኛ ለ31 ዓመት አስተምሬያለሁ። ስለ ቀለም የማውቀውን ግን አብዛኛውን ያገኘሁት ክፍል ውስጥ አይደለም። ደብረ ማርቆስ አጠገብ ካለው የእናቴ ጓሮ ነው። ስለዚህ ዛሬ እናቴ ብዙ ጊዜ ትነሣለች።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

«መምህርት፣ ጤና ይስጥልኝ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለልጆች አማርኛ እናስተምራለን። እኔ የትንንሾቹ ክፍል ነኝ። አንበሳ፣ መሶብ፣ ጀበና ወረቀት ላይ ሥዬ አመጣላቸዋለሁ። ከሥሩ ትእዛዝ መጻፍ አለብኝ። መጀመሪያ ‹ቀለም ጨምሩ› ብዬ ጻፍኩ። አንድ አባት ‹ይሄ የእኛ አማርኛ አይደለም› አሉኝ። ‹አቅልሙ› ብዬ ቀየርኩት። እንኳን ልጆቹ እናቶቻቸውም አላወቁትም። ምን ልበል?»

«ቀለም ቀቡ» በይ፣ ልጄ። «አንበሳውን ቢጫ ቀለም ቀቡት።» «መሶቡን የወደዳችሁትን ቀለም ቀቡት።» በቃ። የስድስት ዓመት ልጅም ይገባዋል፣ አያቱም ይገባቸዋል።

እኚያ አባት ልክ ናቸው። መጨመር እኛ ዘንድ ቀድሞ ባለ ነገር ላይ ነው። ጨው እንጨምራለን፣ ውሃ እንጨምራለን፣ ደመወዝ ይጨመራል። ልጁ ቀብቶ ሲጨርስ አንበሳው ፈዞ ካየሽው ያኔ «ትንሽ ቀለም ጨምርበት» ትይዋለሽ። ነጩ ወረቀት ላይ ግን ገና ምንም የለም። ምኑ ላይ ይጨምር?

«አቅልሙ» ደግሞ ስሕተት አይደለም። አቀለመ፣ ያቀልማል፣ ማቅለም። ጥሩ ቃል ነው። የሚኖርበት ሰፈር ግን ሌላ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል አለው። ቆዳ ፋብሪካም ቆዳ ያቀልማል። መማሪያ መጽሐፍ ላይም አልፎ አልፎ ይታያል። ቤት ውስጥ ግን አፋችን ላይ አይመጣም። እናቴ አንድ ቀን «አቅልሚ» ብላኝ አታውቅም። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ እጇ ከቀለም ወጥቶ አያውቅም።

ለምን መሰለሽ? አማርኛ ግስ የሚመርጠው ቀለሙን አይቶ አይደለም። እጅ የሚሠራውን አይቶ ነው። ግድግዳ ይቀባል። መሶብ የሚሰፋበት ሣር፣ አክርማ፣ ይነከራል። ዓይን ኩል ይኳላል። ድድ ይነቀሳል። እጅና እግር እንሶስላ ይሞቃል። አምስቱም ቀለም የመስጠት ሥራ ናቸው። እጅ ግን በአምስቱም የሚሠራው ለየቅል ነው። ኩሉ በቀጭን ዘንግ በዓይን ቆብ ሥር ይሳባል። ንቅሳቱ በመርፌ ይወጋል። እንሶስላው ሥሩ ተወቅጦ መዳፍ ላይ ይደረግና በጨርቅ ታስሮ ያድራል። ጠዋት ሲፈታ እጁ ቀልቶ ይገኛል። «እንሶስላ ተቀባች» ብትይም ሰው ይረዳሻል። «እንሶስላ ሞቀች» ስትይ ግን እኔ ሙሽራዋ ትታየኛለች። ጨርቁ፣ ሚዜዎቹ፣ ያ ሌሊት፣ ሁሉም ቃሉ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ «ቀባ» ልመለስ። በግእዝ «ቀብአ» ነው። ነገሩ የዘይትና የቅባት ነው። ፀጉር ቅቤ ይቀባል። ሕመምተኛ ቅብዐ ቅዱስ ይቀባል። ነገሥታት ሲነግሡ ቅብዐ መንግሥት ይቀቡ ነበር። «መሲሕ» ማለትም የተቀባ ማለት ነው። ይኸው ቃል ነው ዛሬ ለግድግዳ፣ ለከንፈርና ለጥፍር የምንጠቀምበት። ሁሉም ዘንድ ሥራው አንድ ነው። እጅ ከላይ ያብሳል፣ ነገሩ ላይ ላዩን ይለብሳል። «ወርቅ ቅብ ሐብል» የምንለው ለዚህ ነው። ወርቁ ቆዳው ብቻ ነው። የልጆችሽ ክራዮን ደግሞ ሰም ነው። ሰም ወረቀት ላይ ይቀባል እንጂ ውስጡ አይገባም። ስለዚህ «ቀቡ» ስትያቸው ቃሉ እጃቸው ላይ ልክክ ይላል።

«ሣሉ» እና «ቀቡ»ንም ለይተሽ አስተምሪያቸው። መሥመሩን ይሥላሉ፣ ውስጡን ይቀባሉ። ሠዓሊና ቀለም ቀቢ ሁለት ሙያ ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። እዚህ አዲስ አበባም ልጆች «ከለር አደረግኩት» ይላሉ። የልጅ ልጄም ትላለች። አልቆጣትም። ግን ሁልጊዜ «ምን ቀለም ቀባሽው?» ብዬ እመልስላታለሁ። አንድ ቀን ደብተሯን ይዛ እየሮጠች መጣች። «እምዬ፣ ጀበናዋን ሐምራዊ ቀባኋት!» አለችኝ። ጀበና ሐምራዊ አይሆንም አላልኳትም። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። አትከልክያቸው። ትክክለኛውን ቃል መልሰሽ በያቸው፣ እነሱ ያነሡታል።

ከዱባይ

«ሰው ቤት ነው የምሠራው። የቤቱ ትንሽ ልጅ አንድ ቀን የትምህርት ቤት ሥራውን ዘርግቶ ‹ገለም፣ ገለም› አለኝ። ቀለም መሰለኝ። ባለቀለም እርሳሶቹን ሰብስቤ አመጣሁለት። አልቅሶ ወረወራቸው። ለካ የፈለገው እስክሪብቶ ነው። ቃሉ ከእነሱ የመጣ ነው ወይስ ከእኛ?»

እህቴ፣ ጆሮሽ አልተሳሳተም። ቃሉ አንድ ነው። ዐረብኛው «ቀለም» የሚለው መጻፊያውን ነው። እናንተ ባላችሁበት አገር አነጋገር ደግሞ «ቀ» ወደ «ገ» ትጠጋለች። ግሪኮችም «ካላሞስ» ይላሉ፣ ሸምበቆ ማለት ነው። ድሮ የሚጻፈው በተቀረጸ ሸምበቆ ነዋ። እኛ ዘንድ ቃሉ ከሸምበቆው ወርዶ ሸምበቆው የሚጠጣው ጥቁር ፈሳሽ ስም ሆነ። ለመጻፊያውማ ሌላ ስም አለን። ብርዕ። በግእዝ እሱም መቃና ሸምበቆ ነው። ስለዚህ ልጁና አንቺ የያዛችሁት የአንድ ዕቃ ሁለት ጫፍ ነው። እሱ ብርዑን ይዟል፣ አንቺ ቀለሙን።

እኛ ዘንድ ቃሉ እዚያም ላይ አልቆመም። የመጻፊያው ፈሳሽ ብቻ ሳይሆን ቀዩም አረንጓዴውም ሁሉ ቀለም ሆነ። በቀለም የተጻፈው ፊደልም ቀለም ተባለ። ፊደል የተማረው «ቀለም ቆጠረ» ተባለ። ያስተማረው «የቀለም አባት» ሆነ። ግጥም ስንቆጥርም የምንቆጥረው በቀለም ነው። የወል ቤት ስንኝ 12 ቀለም አለው፣ ስድስት በስድስት። ለተማሪዎቼ ራሴ ገጥሜ ሰሌዳ ላይ የምጽፋት አንዲት ስንኝ ነበረችኝ።

አለላ ነከርኩኝ፣ መሶብ ልሰፋልህ።

ቁጠሪያት። አ፣ ለ፣ ላ፣ ነ፣ ከር፣ ኩኝ። ስድስት። «ከር» በፊደል ሁለት ናት፣ በቀለም ግን አንድ። «ር» ብቻዋን አትቆምም፣ «ከ» ላይ ተደግፋ ትቆጠራለች። መ፣ ሶብ፣ ል፣ ሰ፣ ፋ፣ ልህ። ስድስት። ልጆቹ ዴስካቸውን በጣት እየመቱ ሲቆጥሩ ክፍሉ ከበሮ ይመስል ነበር። አሁንም መንገድ ላይ አግኝተውኝ ይቺን ስንኝ የሚሉልኝ አሉ። ልጆች ወልደዋል።

ከአዲስ አበባ፣ አንድ ጡረተኛ

«ነፍሳቸውን ይማርና አባቴን ሰው ሁሉ ‹የቀለም ቀንድ ነበሩ› ይላቸዋል። የተማሩ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ቀንዱን ግን ጠይቄ የነገረኝ የለም። የበሬ ጉልበት ለማለት ይሆን?»

አይደለም፣ ጋሼ። ቀንዱ እውነተኛ ቀንድ ነው። የከብት ቀንድ ጫፉን ወደ ታች አድርገው መሬት ላይ ይሰኩታል። ቀለም ይሞሉበታል። ጸሐፊው ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ብርዑን ከቀንዱ እያጠቀሰ ይጽፋል። አንዱ ቀንድ ለጥቁሩ ነው፣ አንዱ ለቀዩ። በቀዩ የሚጻፈው የእግዚአብሔር ስም፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ነው። እንግዲህ ሰው አባትዎን «የቀለም ቀንድ» ሲላቸው ቀለም የሞላባቸው፣ ሌላው ከእሳቸው እየቀዳ የሚጽፍባቸው ማለቱ ነው። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ለመምህር አላውቅም።

ይህን ያየሁት አጎቴ ዘንድ ነው። ብራና ጸሐፊ ነበር። ቀዩን ቀለም ሲያገኝ ይገዛል። ጥቁሩን ግን ራሱ ነበር የሚያዘጋጀው። እኔና ወንድሜ ጎረቤት እየዞርን ከምጣዱና ከድስቱ ቂጥ ጥላሸት እንፍቅለታለን። ሴቶቹ ምጣዳቸው ስለሚጸዳላቸው ደስ ይላቸዋል። እሱ ያረረ እህል ይጨምርበታል። ቅጠል ይወቅጥበታል። ሁሉን በውሃ ለውሶ ገንቦ ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን ሁለት ቀን እንዳይመስልዎ፣ ወራት ነው። በየጊዜው እየከፈተ ያማስለዋል። እኛ «አሁንስ?» እንለዋለን። በእንጨት ጫፍ ነክቶ ጥፍሩ ላይ ያሰምራል። ለጠላ እንደሚባለው «ገና ነው፣ አልደረሰም» ይለናል። የደረሰ ዕለት ግን ጥፍሩ ላይ ያለው መሥመር ያበራል። ጥቁር ሆኖ ያበራል። ያንን ጥቁር በኋላ በየትኛውም ጠርሙስ ውስጥ አላየሁትም።

ስለ ጥላሸት ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። «ስሙን ጥላሸት ቀባው» እንላለን። ያው የምጣድ ቂጥ ጥላሸት ነው። ገንቦ ውስጥ ወራት ከርሞ ብራና ላይ ሲያርፍ ዳዊት ይሆናል። እንዳለ ታፍሶ ሰው ስም ላይ ሲለጠፍ ስም ማጥፋት ይሆናል። ቃሉን ግን ልብ ይበሉት። «ቀባው» ነው የተባለው። «ነከረው» አልተባለም። ስሙ በሐሰት የጠፋበት ተማሪ ቢሮዬ መጥቶ ሲያለቅስ ይህን እነግረው ነበር። የተቀባ ነገር ላይ ላዩን ነው፣ ይታጠባል።

ከአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ

«ክፍል ውስጥ ‹ቀለሜ› ይሉኛል። ስድብ ነው?»

አይደለም፣ ልጄ። ቀለም የገባሽ ማለት ነው። በእኛ ጊዜ «ቀለም ይገባታል» ነበር የሚባለው። አንዳንዱ ልጅ ቀንቶ ሊልሽ ይችላል። የአባባሉ ድምፅ ቢያስከፋሽም ቃሉ ያንቺ ነው። ያዢው።

ከባሕር ዳር

«እናቴ ስፌት ትሰፋለች። እኔ በስልኬ ፎቶ እያነሣሁ እሸጥላታለሁ። አንዱ መሶብ ሥር ‹በእጅ በተቀባ አክርማ የተሰፋ› ብዬ ጻፍኩ። እናቴ ሳቀች። ‹ነከርኩት እንጂ መች ቀባሁት?› አለች። ልብስ ሳሙና ውስጥ ስናስቀምጥም ‹ነከርኩ› ነው የምንለው። አይምታታም?»

ይቺን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኳት። እናትሽን ሳላውቃቸው ወደድኳቸው።

አይምታታም። መንከር ፈሳሽ ውስጥ አስገብቶ ማቆየት ነው። ልብስ በኦሞ ይነከራል። ገብስ ለብቅል ይነከራል። አክርማ በቀለም ይነከራል። በሦስቱም ፈሳሹ እስኪገባበት ይጠበቃል። ሊገባበት ነው የተነከረው። ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ ወስፌው ቀዶ ሲያልፍ ይላጥ ነበር። የእናትሽን መሶብ አንድ ጭራ መዘሽ ሰንጥቂው። ውስጡም ቀይ ነው።

እናቴ እንዴት እንደምትነክር ልንገርሽ። የእናትሽም እንደዚያው ይሆናል።

ክረምቱ ሲወጣ አክርማው ይለቀማል። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በእስር በእስር ይታሰራል። ቀለሙ ከማርቆስ ገበያ በትንንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚመጣ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ደረቅ ሳለ የሚሆነውን አይመስልም። ሐምራዊው እንደ ጥንዚዛ ጀርባ አረንጓዴ ያብለጨልጫል። ውሃ ሲነካው ነው ጉዱ የሚወጣው። ልጅ ሆኜ በረጠበ ጣት ነክቼው አውቃለሁ። ለሳምንት አልለቀቀኝም።

ለቀለም ብቻ የምትጠቀምበት አሮጌ ብረት ድስት ነበራት። ምግብ አይነካውም። ውሃው ሲፈላ ዱቄቱን በማንኪያ ጫፍ ትበትንበታለች። እስሩን ትከትበታለች። በእንጨት ታገላብጠዋለች። አንዱን ጭራ መዛ በጣቶቿ መሃል ታሸዋለች። ጣቷ ላይ ቀለም ብዙ ከቀረ ትመልሰዋለች። ካልቀረ «ጠጣ» ትላለች። ይቺ «ጠጣ» የምትል ቃል ናት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለችው። ከዚያ ጥላ ሥር ይሰጣል። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ ፀሐይ ቀለም ይበላል። ሲደርቅ ስሙም ይለወጣል። አክርማ ሆኖ ገብቶ አለላ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ አክርማ ብሎ የሚጠራው የለም።

በዚያው ድስት አንድ ጊዜ ሌላ ነገር ተነክሯል። አባቴ የሞተ ዓመት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አዲስ ጥቁር ቀሚስ መግዣ አልነበረንም። ከገበያ ጥቁሩን ቀለም አስመጣች። ነጭ የሐበሻ ቀሚሷን አጣጥፋ ድስቱ ውስጥ ከተተችው። በዚያው እንጨት ታገላብጠዋለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «ጠጣ» እስክትል እጠብቃለሁ። አላለችም። ዝም ብላ አወጣችው።

ጥለቱ ቀይ ነበር። ከጥቁሩ ሥር ትንሽ ትንሽ ይታይ ነበር። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ድረስ እሱን ለበሰች። «ከል ለበሰች» ይባላል። ከል ጥቁሩ የሐዘን ልብስ ነው። ያን ዓመት አለላ አልነከረችም። ሰፌዱንም መሶቡንም እንዳለ በነጩ አክርማ ሰፋችው። የሚቀጥለው መስከረም ላይ ድስቱን አውጥታ በአመድና በአሸዋ ስትፈትገው ዋለች። እኔ ውሃ አቀብላታለሁ። ጥቁሩ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄደ። ማታ ላይ ቢጫ ነከረች።

ስለዚህ ልጄ «በእጅ የተነከረ አለላ» ብለሽ ጻፊ። ገዢው አለላን ካላወቀው ይጠይቅሽ። ስትነግሪው ዋጋውም ይገባዋል። ደግሞ እናትሽ ሲነክሩ አንድ ቀን ከእሳቸው ጋር ዋይ። ስልኩን አስቀምጠሽ። እጅሽ ቀለም ይንካው።

ከአዳማ

«አዲስ ቀይ ሻርፕ ከነጭ ነጠላዬ ጋር ነክሬ ነጠላዬ ሮዝ ሆነ። ‹ደበዘዘ› ስላቸው ሰዎች አረሙኝ። ምን ልበል?»

«ሻርፑ ቀለም ለቀቀ» በይ። ደበዘዘ ማለት በራሱ ጊዜ ቀለሙ ቀነሰ ማለት ነው፣ ፀሐይ እንደበላው መጋረጃ። ነጭ ልብስ ቆይቶ ቢጫ ቢጫ ሲል ደግሞ «ወየበ» ይባላል። የባሕታውያን ወይባ ልብስ ከዚያው ቃል ነው። አዲስ ባለቀለም ልብስን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጊዜ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ንከሪው። ነጠላው ያሳዝናል።

ከአንድ ወጣት ጋዜጠኛ

«‹ሕፃናቱ በዝማሬያቸው ለበዓሉ ልዩ ቀለም ጨመሩለት› ብዬ ጻፍኩ። አዘጋጄ ሰረዘው። ምን ችግር አለው?»

አዘጋጅህ ደግ አድርጓል። «በዓሉን አደመቁት» በል። አንድ ቃል ነው፣ ሙሉ ነው። እናቴም ትለዋለች፣ ሚኒስትርም ይለዋል። «ደመቀ» ለቀለምም ለድምፅም ለሰው ብዛትም ይሆናል። ሠርግ ይደምቃል፣ ገበያ ይደምቃል፣ ቀይ ጥለት ይደምቃል። እንዲህ ያለ ቃል እያለን ከሌላ ቋንቋ ሐረግ መገልበጥ ያሳዝነኛል።

ከሐዋሳ

«ሆቴል ውስጥ ምግብ ማብሰል እየተማርኩ ነው። አልጫው ላይ እርድ ስጨምር ‹ቀለም እንዲኖረው ነው› አልኩ። የምታስተምረኝ ባለሙያ ‹መልክ በል› አለችኝ። ልዩነት አለው?»

አለው፣ ልጄ። ቀለም ከውጭ ይመጣል። መልክ የራስ ነው። ትንቢተ ኤርምያስ 13፥23 ላይ «ኢትዮጵያዊ መልኩን» ይላል፣ ቀለሙን አይልም። ሰውንም «መልኩ ጠይም ነው» ነበር የምንለው። «የቆዳ ቀለም» በኋላ የመጣ ነው። ወጥም እንደዚያው ነው። ሽንኩርቱና በርበሬው በደንብ ሲቁላላ፣ ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ፣ «መልክ ያዘ» ይባላል። «ቀለም ያዘ» ከተባለ ግን ደንበኛህ ምን ተጨመረበት ብሎ ይጠረጥራል።

«እርድማ ጣቴ ላይ ሁለት ቀን ይቀራል፣ ቀለም ነው» ትለኝ ይሆናል። ጣትህ ላይ ቀለም ነው፣ ተስማምቻለሁ። ድስቱ ውስጥ ገብቶ ከበሰለ በኋላ ግን መልክ ነው። ደግሞ አታብዛው። ለአንድ መካከለኛ ድስት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ከበዛ ይመራል።